ተጨማሪ መረጃ፦ ቴሌቪዥንና የፊጂ ልጃገረዶች
ወጣት ሴቶች በሰውነታቸው አለመርካታቸው ከዕድሜያቸው ጋር የሚመጣና የሚያልፍ ነገር ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። የፓስፊኳ ደሴታማ አገር ፊጂ ግን ሌላ ነገር ታስተምረናለች። በፊጂ ባህል ሞላ ያለ ሰውነት የጤንነትና የቤተሰብ እንክብካቤ ምልክት ነበር፤ የሚያሳስበው መክሳት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ናድሮጋ ወደተባለው አካባቢ ቴሌቪዥን ገባ። አሜሪካዊቷ የሥነ አእምሮ ሐኪምና የሥነ ሰብ ተመራማሪ አን ቤከር ከባልደረቦቿ ጋር በዚያው ዓመትና በ1998 የአካባቢውን ልጃገረድ ተማሪዎች አጠናች። ለአመጋገብ መታወክ መጋለጣቸውን የሚያመለክት ውጤት ያገኙት ልጃገረዶች ድርሻ ከ12.7 በመቶ ወደ 29.2 በመቶ አደገ። ክብደት ለመቀነስ ሆን ብሎ ማስመለስ ደግሞ በመጀመሪያው ጥናት ጨርሶ ያልታየ ሲሆን በሁለተኛው 11.3 በመቶ ደረሰ።

በሁለቱ ጊዜያት የተጠኑት የተለያዩ ልጆች ነበሩ፤ በሦስት ዓመት ውስጥም ከቴሌቪዥን ሌላ ብዙ ነገር ይለወጣል የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ ቁጥሮቹ ብቻቸውን መንስኤውን አያረጋግጡም። ይሁን እንጂ ልጃገረዶቹ ራሳቸው በቃለ መጠይቅ በቴሌቪዥን የሚያዩዋቸውን ሴቶች መምሰል እንደሚመኙ፣ ቅጥነትንም ከሥራና ከተሻለ ኑሮ ጋር እንደሚያያይዙት ተናግረዋል። ይህም የውበት መለኪያ አብሮን የሚወለድ ሳይሆን የምንማረው መሆኑን ያመለክታል። ስለዚህ ወጣቶችን «ራሳችሁን ውደዱ» ብሎ መምከር ብቻውን አይበቃም፤ የሚያዩትን ምስል ማን፣ ለምን ዓላማ እንዳዘጋጀው መጠየቅን ልናስተምራቸው ይገባል።