በጀት ከሶኬቱ ይጀምራል፦ የጌም ኮምፒውተር ዕቃ አመራረጥ በጆሃንስበርግ

ለጌም የሚገጣጠም ኮምፒውተር ከቢሮ ኮምፒውተር በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ምስል የመሳሉን ሥራ ለብቻው የሚወጣ ግራፊክስ ካርድ የሚባል ሰሌዳ ይጨመርበታል፤ ሁለተኛ፣ ማዘርቦርዱ፣ ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ፣ ማከማቻው፣ ፓወር ሰፕላዩና ኬዙ በአንድ ካርቶን ታሽገው የመጡ ሳይሆኑ እያንዳንዳቸው ተመርጠው፣ ለየብቻ ተገዝተው፣ አብዛኛውን ጊዜ በባለቤቱ እጅ የሚገጠሙ ናቸው። ገንዘቡ የተወሰነ በሚሆንበት ጊዜ ለአንዱ ዕቃ የተጨመረው ከሌላው ላይ የተነሳ ስለሆነ፣ ምርጫው የሚመዘነው አንዱ ዕቃ ምን ያህል ግሩም ነው በሚለው ሳይሆን ሁሉም እርስ በርስ ምን ያህል ይመጣጠናሉ በሚለው ነው። በዚህ ጉዳይ የሚሰራጨው ምክር ደግሞ በአብዛኛው የተጻፈው መብራት ለማይጠፋባቸው ከተሞች በመሆኑ፣ ለፕሮሰሰርና ለግራፊክስ ካርድ ብዙ ገጽ ሰጥቶ ፓወር ሰፕላዩን በአንድ መስመር ያልፈዋል። ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ መብረቅ በሚበዛበት የሃይቬልድ አምባ ላይ የተቆረቆረችውና ለዓመታት በመብራት ፈረቃ የኖረችው ጆሃንስበርግ ግን ይህን ቅደም ተከተል ትገለብጠዋለች።

የዋጋውን ነገር አስቀድሞ ማንሳት ይገባል። የኮምፒውተር ዕቃ በደቡብ አፍሪካ ስለማይመረት የሚሸጥበት ዋጋ ከዶላርና ከራንድ ምንዛሪ ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ በላዩም 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ አለበት። በአገር ውስጥ ሱቆች የሚለጠፈው ዋጋ ታክሱን ያካተተ ስለሆነ፣ 15,000 ራንድ ይዞ የወጣ ገዢ ከገንዘቡ ውስጥ 1,957 ራንድ ያህሉ ወደ መንግሥት ካዝና እንደሚሄድ ልብ ላይል ይችላል። በተቃራኒው፣ ከውጭ አገር ሱቅ በፖስታ የሚመጣ ዕቃ መጀመሪያ ርካሽ መስሎ ታይቶ ታክሱ በር ላይ ሲጨመርበት ከአገር ውስጡ ዋጋ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። በመሀል ከተማ በጄፒ ጎዳና፣ ዛሬ ራሂማ ሙሳ በሚባለው፣ ሕንፃዎቹን ከምድር ቤት እስከ ላይኛው ፎቅ ሞልተው የሚነግዱት ኢትዮጵያውያን የሚታወቁት በልብስ፣ በብርድ ልብስና በመሳሰሉት ሸቀጦች ነው፤ ለጌም ኮምፒውተር የሚሆን ዕቃ በአብዛኛው የሚገኘው እንደ ሴንቹሪዮኑ ኢቭቴክና እንደ ዌስተርን ኬፑ ዉትዌር ካሉ፣ በዚሁ ሥራ ላይ ከተሰማሩ የኦንላይን ሻጮች ዘንድ ነው።

ከዕቃዎቹ ሁሉ ቀድሞ መወሰን ያለበት ስክሪኑ ነው፤ የግራፊክስ ካርዱን ሸክም የሚወስነው እሱ ነውና። 1920 በ1080 ነጥብ ያለው የተለመደ ስክሪን በአንድ ምስል ውስጥ 2 ሚሊዮን ከ73 ሺህ ነጥቦች ሲኖሩት፣ ፎርኬ የሚባለው ዓይነት የዚህን አራት እጥፍ ይይዛል። ኮምፒውተሩ በሰከንድ 60 ምስል እንዲያሳይ ከተፈለገ አንዱን ምስል ለመሳል ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ብቻ ሲሆን፣ በሰከንድ 144 ጊዜ በሚታደስ ስክሪን ላይ ይህ ጊዜ ወደ 7 ሚሊሰከንድ ይወርዳል። እንግዲህ በውስን በጀት ፎርኬ ስክሪን የሚገዛ ሰው ካርዱ ሊሸከመው የማይችለውን ሥራ በራሱ ገንዘብ የሚገዛ ነው፤ በ15,000 ራንድ ዙሪያ ለሚያስብ ሰው 1920 በ1080 በቂ ብቻ ሳይሆን ትክክለኛው ምርጫ ነው።

አንድ ምስል ሲዘጋጅ ፕሮሰሰሩ የጌሙን ሕግ ያሰላል፤ ማለትም ማን የት እንደቆመ፣ ጥይቱ ምን እንደመታ፣ ተጫዋቹ ምን እንደጫነ ይወስንና ትእዛዙን ለግራፊክስ ካርዱ ያስተላልፋል፤ ካርዱም በትእዛዙ መሠረት ይስላል። ከሁለቱ አንዱ ሲዘገይ ሌላው ሥራ ፈትቶ ስለሚጠብቅ፣ እጅግ ፈጣን ፕሮሰሰርን ከደካማ ካርድ ጋር ማጣመር ገንዘብ ማባከን ነው። ሚዛኑን ለጠበቀ ቅንብር ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600 እና እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የኢንቪዲያ አርቲኤክስ 4060 ጥምረት ነው። የመጀመሪያው ስድስት ኮር፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሠሩ ስድስት የስሌት ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ ሁለተኛው 8 ጊጋባይት የራሱ ማስታወሻ ይዞ የሚፈልገው ኃይል 115 ዋት ብቻ ነው። ከጠቅላላው ገንዘብ 40 በመቶ ገደማውን ለካርዱ መመደብ ያስኬዳል።

የራይዘን 5 5600 ድክመት የሚገባበት የማዘርቦርድ ሶኬት፣ ኤኤም4 የተባለው፣ ዕድሜው የገፋ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በመጣው ኤኤም5 ሶኬት የጀመረ ሰው ከዓመታት በኋላ ማዘርቦርዱን ሳይቀይር ፕሮሰሰሩን ብቻ ማሻሻል ይችላል፤ ነገር ግን ይህ ሶኬት ዲዲአር5 የተባለውን አዲሱን የራም ዓይነት ብቻ ስለሚቀበል የመነሻ ወጪው ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማዕከላት የማስታወሻ ቺፖችን በገፍ መሸመታቸው የራምን ዋጋ በዓለም ገበያ እጅግ ስላናረው፣ ቀድሞ ማንም የማይጨነቅበት ራም ዛሬ ከበጀቱ ትልቅ ድርሻ የሚወስድ ዕቃ ሆኗል። ራም የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው በቀላሉ አያረጅም፤ ስለዚህ ኤኤም4 የሚቀበለውን የቀድሞውን ዓይነት፣ ዲዲአር4ን፣ ያገለገለ መግዛት በዚህ ወቅት ነውር የለበትም። አንዱን ብቻ ከመግዛት ይልቅ ግን ጥንድ መግዛት ይሻላል፤ ፕሮሰሰሩ ከሁለት ራም በሁለት መስመር ስለሚያነብ፣ 16 ጊጋባይት አንድ ራም ሆኖ ከሚገባ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ሆኖ ቢገባ ጌሙ በግልጽ ይፈጥናል።

ርካሽ ዕቃ ሁሉ አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አርኤክስ 6500 ኤክስቲ የተባለው ካርድ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በአራት የመረጃ መስመሮች ብቻ በመሆኑ፣ ቆየት ባለ ማዘርቦርድ ላይ ሲገጠም አቅሙ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ዋጋው ግን ይህን አይናገርም። እንዲሁም ራይዘን 5 5600 የራሱ የምስል ክፍል ስለሌለው ካርዱን ሌላ ወር እገዛለሁ ያለ ሰው የሚያየው ጥቁር ስክሪን ነው። ስሙ መጨረሻ ላይ «ጂ» የሚል ፊደል ያለበት 5600ጂ ለዚህ ችግር መፍትሔ ቢሆንም፣ ፈጣን የውስጥ ማስታወሻው የ5600ን ግማሽ ስለሆነ በኋላ ጥሩ ካርድ ሲገጠምለት ወደኋላ ይቀራል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ፓወር ሰፕላይ ነው፤ ከግድግዳው የሚመጣውን 230 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ኮምፒውተሩ ወደሚጠቀምበት ዝቅተኛ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ሣጥን። ከላይ የተጠቀሰው ጥምረት በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ከ250 ዋት ብዙ ስለማይርቅ 550 ዋት የሚል ፓወር ሰፕላይ ይበቃዋል። ይሁንና ዋቱ ብቻውን ስለ ጥራት አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው 80 ፕላስ የተባለው ምልክት ዕቃው ከሚስበው ኃይል ቢያንስ 80 በመቶውን በሙቀት መልክ ሳያባክን ለኮምፒውተሩ እንደሚያደርስ ቢያረጋግጥም፣ ኃይል ሲዋዥቅ ዕቃዎቹን ይጠብቅ እንደሆነ አይመሰክርም። ከኬዝ ጋር በምርቃት የሚሰጥ ስም የለሽ ፓወር ሰፕላይ የብዙ ሺህ ራንድ ካርድን ይዞ ሊሄድ ስለሚችል፣ በዚህ ዕቃ ላይ ጥቂት መቶ ራንድ መቆጠብ የኮምፒውተሩን ባለቤት ከሚያስቆጩ ውሳኔዎች ሁሉ የመጀመሪያው ነው።

የደቡብ አፍሪካ የኤሌክትሪክ ድርጅት ኤስኮም ፍላጎትን ማሟላት ሲያቅተው፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻና ከ2008 መጀመሪያ ወዲህ፣ አካባቢዎችን በተራ የሚያጨልምበት ሎድ ሸዲንግ የሚባል ፈረቃ አለ፤ እያንዳንዱ ደረጃ ከአገሪቱ የኃይል መረብ ላይ 1,000 ሜጋዋት ያህል ይቀንሳል። ከሁሉም የከፋው እ.ኤ.አ. 2023 ሲሆን፣ ከማርች 2024 መጨረሻ በኋላ ፈረቃው በጣም ቀንሷል። ይህ ማለት ግን መብራት አይጠፋም ማለት አይደለም፤ የኬብል ስርቆትና የትራንስፎርመር መቃጠል ዛሬም ሰፈሮችን ያጨልማሉ። ለኮምፒውተር ደግሞ ከመጥፋቱ ይልቅ ተመልሶ የሚመጣበት ቅጽበት ይበልጥ አደገኛ ነው፤ የሰፈሩ ፍሪጅና የውኃ ማሞቂያ በአንድ ጊዜ ሲነሳ ቮልቱ ይዋዥቃል። በበጋ፣ ይኸውም ከኦክቶበር እስከ ማርች ባሉት ወራት፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው የሃይቬልድ ነጎድጓድም የራሱን ጉዳት ይጨምራል።

የመጀመሪያው መከላከያ ሰርጅ ፕሮቴክተር ነው፤ በውስጡ ያለው ቫሪስተር የተባለ ዕቃ ቮልቱ ከልክ ሲያልፍ ትርፉን ወደ ራሱ ይስብና ኮምፒውተሩን ያድናል። በእያንዳንዱ ጥቃት ጥቂት በጥቂት ስለሚያልቅ ግን በየጊዜው መለወጥ አለበት፤ ተራው ማከፋፈያ ደግሞ መልኩ ቢመሳሰልም ይህን ሥራ አይሠራም። መብረቅ በቅርብ ሲወርድ ከሶኬት መንቀልን የሚተካ ነገር የለም።

ቀጣዩ ጥያቄ መብራት ሲጠፋ ጌሙ ይቀጥላል ወይ የሚለው ነው። ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ኤሌክትሪክ ከተቋረጠበት ጊዜ ጀምሮ በውስጡ ባጠራቀመው ኃይል ለ16 ሚሊሰከንድ ያህል ይቆያል። በብዙ የጆሃንስበርግ ቤቶች የተተከለው ኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚለውጠው መሣሪያ፣ በተለመዱት ሞዴሎች ላይ ሁለት ዓይነት አሠራር አለው፤ ለቤት ዕቃ በሚባለው አሠራር ወደ ባትሪ ለመዞር 20 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲወስድበት፣ ለኮምፒውተር በሚባለው አሠራር 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ አምፖሉ ብልጭ እንኳ ሳይል ኮምፒውተሩ ብቻ የሚጠፋበት ቤት ሲኖር ችግሩ ያለው በአብዛኛው በኢንቨርተሩ ቅንብር ውስጥ ነው፤ መፍትሔውም ምንም ወጪ የለውም። ኢንቨርተር የሌለው ሰው ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባለባትሪ ሣጥን፣ ሲገዛ በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው 1,000 ቪኤ ከ1,000 ዋት ጋር አንድ አለመሆኑን ማየት አለበት፤ ብዙዎቹ የዚህ መጠን ዩፒኤሶች የሚችሉት 600 ዋት ያህል ነው። በባትሪ ሲሠሩ ሞገዱን በደረጃ ቆራርጠው የሚሰጡ ርካሽ ዩፒኤሶች አንዳንድ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላዮችን ስለሚያውኩ፣ ንጹሕ ሳይን ሞገድ የሚል ጽሑፍ ያለበት ይመረጣል። 115 ዋት የሚስብ ካርድ ሁለት እጥፍ ከሚስበው የሚበልጠውም እዚህ ላይ ነው፤ ያው ባትሪ ለረጅም ጊዜ ይሸከመዋል።

ከፍታውም የራሱ ቀረጥ አለው። በ1,750 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ከሚገኘው በ15 በመቶ ገደማ የሳሳ ስለሆነ፣ ያው ፋን ያንኑ ያህል ዞሮ የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው፤ ከዚህም ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ ልዩነቱ 20 በመቶ ይደርሳል። በውኃ የሚቀዘቅዝ ውድ መሣሪያ ግን አያስፈልግም፤ ፊት ለፊቱ ወንፊት የሆነ ኬዝና ሁለት ሦስት ፋን ይበቃል። ከከተማዋ በስተደቡብ ከተደረደሩት የወርቅ ማዕድን ዝቃጭ ክምሮች ነፋስ የሚያነሳው ደቃቅ አቧራ በኦገስትና በሴፕቴምበር ስለሚበረታ፣ የኬዙ የአቧራ ማጣሪያ ተነቅሎ የሚታጠብ መሆን አለበት። በደረቁ ክረምት፣ በጁንና በጁላይ፣ ምንጣፍ ላይ የተራመደ ሰው የበር እጀታ ሲነካ የሚቆነጥጠው ያው ኤሌክትሪክ ቺፕ ሊያቃጥል ስለሚችል፣ ገጣጣሚው ማዘርቦርዱን ከማንሳቱ በፊት በመሬት ሽቦ የተያያዘ ብረት መንካት ይኖርበታል።

ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ለውስን በጀት ትልቅ ማባበያ ነው። ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 በካርድ መመረቱን ሲያቆም፣ ቀን ከሌሊት ሲሠሩ የቆዩ ካርዶች ገበያውን አጥለቀለቁት፤ ብዙዎቹ ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። ከግለሰብ የተገዛ ካርድ ቢበላሽ የሚጠየቅ የለም። ከነጋዴ የተገዛ ዕቃ ግን በደቡብ አፍሪካ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ መሠረት፣ ጉድለቱ በስድስት ወር ውስጥ ከታየ ይጠገናል፣ ይቀየራል ወይም ገንዘቡ ይመለሳል፤ ከሦስቱ የሚመርጠውም ገዢው ነው። በኦንላይን የተገዛ ዕቃ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው የኤሌክትሮኒክስ ግብይት ሕግ መሠረት፣ ያለምንም ምክንያት በሰባት ቀን ውስጥ ሊመለስ ይችላል፤ ገዢው የሚከፍለው የመመለሻውን ወጪ ብቻ ነው። በመሆኑም ዕቃዎቹን አንድ በአንድ በየወሩ እየገዙ ሣጥን ውስጥ ማቆየት፣ ምንዛሪ ለመጠበቅ የሚጠቅም ቢመስልም፣ ማዘርቦርዱ ሳይበራ ሰባቱንም ቀን ስድስቱንም ወር የሚያሳልፍ የግዢ መንገድ ነው፤ ገንዘቡን አጠራቅሞ ሁሉንም በአንድ ሳምንት ገዝቶ፣ በዚያው ሳምንት ገጥሞ፣ ከባድ ጌም ለሰዓታት ማስኬድ ይሻላል።