ሆድ አይታሽም፤ ወገብስ?

ሰባተኛ ወሬን ይዤ ነበር። እናቴ ከጎረቤት አንዲት አዛውንት አስከትላ ገባች፤ የሰፈሩን ሴት ግማሽ ያሹ ናቸው ይባላል። ለጋ ቅቤ በቡና ሲኒ አስቀልጠው፣ መዳፋቸውን ከሰሉ ላይ አሙቀው፣ "በጎንሽ ተኚ ልጄ" አሉኝ። ከወገቤ ጀመሩ። ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ሕመም ከእጃቸው ሥር ሲላላ ይሰማኝ ነበር። ወደ ባቴ፣ ከዚያም ወደ እግሬ ጣቶች ወረዱ። ዓይኔ ሊከደን ሲል "በይ አሁን በጀርባሽ ሁኚ፤ ልጁ ወደ ቀኝ አጋድሏል፣ ላቅናልሽ" አሉ። "ሆዴን ይተዉት እማማ" አልኳቸው። ቅር ተሰኙ። እናቴ ደግሞ እኔ ያላፈርኩትን አፈረችልኝ።

በሳምንቱ ለክትትል ስሄድ አዋላጅ ነርሷ ካርዴን እየሞላች "ታሽተሻል እንዴ?" አለችኝ። "ኧረ አልታሸሁም!" አልኩ። የታሸሁት ወገቤንና እግሬን ነው። ጥያቄው ግን ወገብና ሆድ አይለይም ነበር፤ ቁጣዋን ፈርቼ ዋሸሁ። እንደኔ ዋሽታ የምትወጣው ብዙ እንደሆነች ከዚያ ወዲህ ካነጋገርኳቸው እናቶች ተረድቻለሁ።

የወንጀል ሕጋችን ስለ ማሸት እንደሚናገር ብዙ ሰው አያውቅም። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ሕግ በአንቀጽ 561፣ በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ነፍሰ ጡርን፣ ወላድን ወይም አዲስ የተወለደ ሕፃንን ለሞት የዳረገ ሰው በመቀጮ ወይም ከ3 ወር እስከ 1 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ለምሳሌ ከጠቀሳቸው ድርጊቶች አንዱ ምጥ የረዘመባትን ሴት ሆድ ማሸት ነው። እዚያው ተርታ ላይ ለሕፃን ቅቤ ማዋጥ፣ እንጥል መቁረጥና ግግ መንቀል አሉ።

ልብ ብላችሁ እንደሆነ ሕጉ "ሆድ" ይላል፣ "የረዘመ ምጥ" ይላል። ከሕጉ ወደ ጤና ጣቢያው ግድግዳ፣ ከግድግዳው ወደ ቡና ወሬ ሲወርድ ግን ሁለቱም ቃላት መንገድ ላይ ቀሩና "እርጉዝ አትታሽም" የሚለው ብቻ ደረሰ። እንዲህ ሲጠቀለል ከክፉው ጋር ደጉም አብሮ ተወገዘ። ክፉው ደግሞ ስለተወገዘ አልጠፋም፤ ወደ ጓዳ ገባ እንጂ።

ስለ ሆዱ ሐኪሞቹ እውነት አላቸው። እንግዴ ልጅ ከማህፀን ግድግዳ ጋር የተጣበቀው በደም ሥሮች ነው፤ ጠንካራ ግፊት ሲያርፍበት ጊዜው ሳይደርስ ሊላቀቅ ይችላል። ያን ጊዜ የሚፈሰው ደም ሁልጊዜ ወደ ውጭ አይወጣም። እንግዴ ልጁ ጀርባ ተጠራቅሞ፣ የእናትየዋ ሆድ እንደ ድንጋይ ደርቆ፣ እሷ ራሷን እስክትስት ድረስ ማንም ላያውቅ ይችላል። ቀደም ሲል በቀዶ ሕክምና የወለደች ከሆነች ማህፀኗ ላይ ጠባሳ አለ፤ በምጥ ሰዓት ሆዷን የሚጫን እጅ ያንን ጠባሳ ሊተረትረው ይችላል። ምጥ ከሚረዝምባቸው ምክንያቶች አንዱ የልጁ ጭንቅላት ከዳሌዋ ጋር አለመመጣጠኑ ወይም አመጣጡ አለመስተካከሉ ነው። መውጫው በጠበበበት ከላይ መግፋት የሚቀደው ማህፀኑን ነው።

ሾተላይም አለ። አያቶቻችን "ሾተላይ ልጆቿን ጨረሰባት" ሲሉ የኖሩት፣ የእናትየዋ ደም ኔጋቲቭ፣ የልጁ ፖዘቲቭ ሲሆን የሚመጣውን ጣጣ ነው። ሁለቱ ደሞች እስካልተገናኙ ድረስ ችግር የለም። ሆድ ሲጨመቅ ግን የልጁ ደም ወደ እናቱ ሊሾልክ ይችላል፤ ሰውነቷም እንደ ባዕድ ቆጥሮት መከላከያ ያዘጋጅበታል። ሆስፒታል ውስጥ ሐኪም በእጁ ልጅ ሲያዞር ለኔጋቲቭ እናቶች መርፌ የሚሰጠው ለዚህ ነው። ቅቤ ይዛ የመጣች ሴት የደም ዓይነት አትጠይቅም፤ ብትጠይቅስ መርፌውን ከየት ታመጣዋለች?

እማማ ግን "ስንቱን ልጅ አቅንቻለሁ!" ነው የሚሉት፤ ሲናገሩም ከልባቸው ነው። ሰባት ወር ላይ ከአራት ወይም ከአምስት ፅንስ አንዱ በመቀመጫው ቁልቁል ሆኖ ይገኛል። ቀኗ ሲደርስ እንደዚያ ሆነው የሚቀሩት ከመቶ 3 ወይም 4 ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ማንም ሳይነካቸው በራሳቸው ይዞራሉ። ስለዚህ ሰባት ወር ላይ "ተጣሟል" ብሎ የሚያሽ ሰው፣ ዝም ቢል ኖሮ አብዛኛው ሊቀና የነበረውን ነው የሚያሸው። ልጁ ሲቀና ምስጋናው ለእጁ፣ ሳይቀና ሲቀር "የእግዜር ሥራ"። እኔ እማማን ውሸታም አልላቸውም። ሠላሳ ዓመት ያዩት ነገር ነው ያሳመናቸው፤ ያላዩት ያልታሹትን ነው።

ሕክምናውም ልጅ ያዞራል። የመጀመሪያ ልጇን ለምትጠብቅ ሴት ከ36ኛው ሳምንት፣ ከዚያ በፊት ለወለደች ደግሞ ከ37ኛው ሳምንት ጀምሮ ሐኪም ሆዷን ከላይ ይዞ በመቀመጫው ያለውን ልጅ ሊያዞረው ይሞክራል፤ ግማሽ ያህሉ ይሳካል። ነገር ግን አስቀድሞ በአልትራሳውንድ የእንግዴ ልጁ ቦታና የሽርት ውሃው መጠን ይታያል፣ የልጁ የልብ ምት ይደመጣል፣ ማህፀን የሚያላላ መድኃኒት ሊሰጣት ይችላል፣ የቀዶ ሕክምናው ክፍልም በቅርብ ይሆናል። ይህ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ ከ200 ሴቶች አንዷ ያህል በአስቸኳይ ወደ ቀዶ ሕክምና ትገባለች። መደቡ ላይ ተጋድማ የምትታሸዋ ግን የትኛው ክፍል ትገባለች?

ስለ ወገብ የሚነገረው ሌላ ነው። ማያሚ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ንክኪን የሚያጠና ተቋም የመሠረቱት ቲፋኒ ፊልድ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት 26 ነፍሰ ጡሮችን ለሁለት ከፈሉ። አንዱ ቡድን በሳምንት ሁለት ቀን ለ20 ደቂቃ ታሸ፤ ሌላው ሰውነትን የማላላት ልምምድ ሠራ። ከአምስት ሳምንት በኋላ የታሹት ጭንቀታቸው ቀለል ብሎ፣ እንቅልፋቸው ተሻሽሎ፣ የወገብ ሕመማቸው ቀንሶ ተገኘ። 26 ሰው ትንሽ ነው፤ በዚህ ብቻ አዋጅ አይነገርም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ እርግዝና ክትትል ባወጣው መመሪያ ለወገብና ለዳሌ ሕመም የጠቀሰው የሰውነት እንቅስቃሴን፣ ፊዚዮቴራፒን፣ የሆድ መደገፊያ ቀበቶንና አኩፓንቸርን ነው። ለእነዚህ ሕመሞች ማሸትን ለይቶ አላነሳም፤ አልከለከለምም።

እግር ላይ ግን ቆም እንበል፤ እማማም እኔም የሳትነው እዚህ ጋ ነበር። በእርግዝና ወቅት ደም የመርጋት ዕድል ካልጸነሰች ሴት ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይጨምራል፤ ከወለዱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ደግሞ ከዚያም ይብሳል። የረጋው ደም አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው በግራ እግር ነው፤ ከግራ እግር የሚወጣው ደም መላሽ ሥር በደም ቅዳ ቧንቧ ስለሚጫን። አንድ እግር ብቻ አብጦ፣ ሞቆ፣ ቀልቶ፣ ባት ውስጥ ሕመም ካለ ያ የሚታሽ አይደለም። ታሽቶ የተነቀለ የደም ጓል ሳንባ ድረስ ሄዶ ሊገድል ይችላል። ሁለቱም እግር ማታ ማታ ቢያብጥ የተለመደ ነው፤ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ይበቃዋል። ፊትና እጅ አብጦ፣ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ከታከለበት ግን የእርግዝና ደም ግፊት ሊሆን ስለሚችል ቅቤውን ትቶ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው።

አተኛኘቱም ቁም ነገር አለው። ከአምስተኛው ወር በኋላ በጀርባ ረጅም ጊዜ መተኛት የከበደው ማህፀን ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቅ ሥር እንዲጫን ያደርጋል፤ ላብ ያጠምቃል፣ ያጥወለውላል። በጎን፣ በተለይ በግራ ጎን፣ በጉልበት መካከል ትራስ ይዞ መተኛት ነው የሚሻለው። እማማ ሲጀምሩ በጎኔ ያስተኙኝ ከየት ተምረውት እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ትክክል ነበሩ።

በየከተማው የተከፈቱት የማሳጅ ቤቶች ብዙ ጊዜ "ሦስት ወር ሳይሞላ አንነካም" ይላሉ። ሆድን ሳይጫኑ ማሸት ፅንስ እንደሚያስወርድ የሚያሳይ ማስረጃ ግን የለም። የፅንስ መጨናገፍ አብዛኛው የሚደርሰው በእነዚሁ ሦስት ወራት ስለሆነ፣ ቢደርስ ጣት ወደ እነሱ እንዳይቀሰር የሚጠነቀቁ ይመስለኛል። አይፈረድባቸውም።

ከሁሉ ይልቅ ማስረጃው ደህና ሆኖ የተገኘው በምጡ ሰዓት ነው። ኮክሬን የተባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመዝን ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 1,055 ሴቶች የተካተቱባቸውን 10 ጥናቶች ገምግሞ፣ በምጥ የመጀመሪያ ደረጃ ላይ የታሹት ሕመሙ ከሌሎቹ ቀለል እንዳለላቸው ጽፏል፤ የጥናቶቹ ጥራት ዝቅ ያለ መሆኑንም አልደበቀም። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ወሊድ ባወጣው መመሪያ፣ ሕመም ማስታገሻ ለምትፈልግ ጤነኛ ወላድ ማሸትንና የሞቀ ጨርቅ ማድረግን መክሯል። የራሷ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆንም መክሯል። በዚሁ ሰነድ ላይ፣ ልጁ እንዲወጣ ብሎ የሆድን አናት በእጅ መጫን እንደማይገባ ተጽፏል። አንድ መመሪያ ለእጅ ሁለት ፍርድ ሰጥቷል፤ ወገብ ላይ ሲያርፍ እሰየው፣ ሆድ ላይ ሲጫን ተው።

የሚገርመው፣ ያው ሆድ ከወሊድ በኋላ መታሸቱ ነፍስ የሚያድንበት ጊዜም አለ። እናት ወልዳ ደም አልቆም ሲል አዋላጇ መጀመሪያ ከምትሠራቸው ነገሮች አንዱ ማህፀኑን ከላይ እያሸች እንዲጨማተር ማድረግ ነው። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ ከ200,000 በላይ ወላዶች የተካተቱበት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት፣ የፈሰሰውን ደም በጊዜ ለክቶ ማሸቱንና መድኃኒቶቹን በአንድ ላይ መስጠት ከባድ መድማትንና ተያያዥ ጉዳቶችን በ60 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ይህ ግን የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው፤ ልጁም ወጥቷል።

ታዲያ ሆድ ማሸቱ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልቀረም? "ካለማወቅ" የሚለው መልስ እኔን አያጠግበኝም። በ1992 ዓ.ም. በሀገራችን በጤና ተቋም የወለደችው ሴት ከመቶ 5 ነበረች፤ በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. 48 ደረሰች። ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር የሚሞቱት እናቶች በ1992 ዓ.ም. 871 የነበሩት በ2008 ዓ.ም. ወደ 412 ወርደዋል። ይህ የመጣው ቤት ለቤት በዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ በአምቡላንሱ፣ ጤና ጣቢያዎችም "ኑ፣ እንደቤታችሁ ነው" ብለው ገንፎ ማገንፋትና ቡና ማፍላት በመጀመራቸው ነው። ገንፎው ገባ፣ ቡናው ገባ፤ እጁ ግን በር ላይ ቀረ። እኔ በወለድኩበት ቦታ እናቴ ኮሪደር ላይ "ማርያም ማርያም" ስትል አደረች። ውስጥ አንዲት አዋላጅ ለአምስት ወላድ ትሯሯጥ ነበር፤ ወገቤን የሚይዝልኝ ሰው አልነበረም። እማማ በአንድ ሲኒ ቅቤ አንድ ሰዓት ሙሉ የሰጡኝን ያህል፣ በዘጠኝ ወር ክትትል ውስጥ ማንም አልዳሰሰኝም። ሴቶች ወደ እሳቸው የሚሄዱት ሆዳቸውን ለማስጨፍለቅ አይደለም፤ ለዚያ ሰዓት ነው። ሆዱ የሚታሸው በምርቃት ነው።

ስለዚህ "አትታሺ" ብሎ ማባረሩን ትቶ፣ የምትታሽበትን ማሳየት ይቻላል። የወላዷ እናት ወይም እህት ምጥ ክፍል ገብታ ታፋን እንዴት እንደምትይዝ፣ ወገብን በመዳፍ እንዴት እንደምትጫን ለማስተማር አዲስ ማሽን አያስፈልግም፤ ሩብ ሰዓት ይበቃል። የልምድ አዋላጆችንም "ወገብ የእናንተ፣ ሆድ የእኛ" ብሎ ማነጋገር ከማሳደድ የተሻለ ያስገኛል ብዬ አምናለሁ። አንቀጽ 561 ሞት ከደረሰ በኋላ ነው የሚመጣው።

እርጉዝ ሆነሽ ይህን የምታነቢ እህቴ፣ በሚቀጥለው ክትትልሽ ስትጠየቂ እንደኔ አትዋሺ። የት እንደታሸሽ፣ ማን እንዳሸሽ፣ ከዚያ ወዲህ ደም ወይም ውሃ ፈሶሽ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ቀንሶብሽ እንደሆነ ሳትደብቂ ንገሪያት። አዋላጅ ነርሷም ብትሆኚ፣ ስትጠይቂ መጀመሪያ "የቱ ጋ?" በይ።