ቀይዋ ልቃቂት

ስሙ «የደም ሠርግ» ይባል እንጂ ተውኔቱ ደም አያሳይም። ሁለት ወንዶች ጫካ ውስጥ በካራ ሲጋደሉ ከተመልካቹ ጆሮ የሚደርሰው ሁለት ጩኸት ብቻ ነው፤ ጸጥታ ይሆናል፣ መጋረጃው ይወርዳል። ሲገለጥ ነጭ ክፍል ውስጥ ጠቆር ያለ ሰማያዊ የለበሱ ሁለት ልጃገረዶች ቀይ ክር ያጠነጥናሉ። ተመልካቹ ደሙን የሚያየው እዚያ ላይ ነው።

ስፔናዊው ፌዴሪኮ ጋርሲያ ሎርካ ይህን ትራጄዲ የጻፈው በ1932 ሲሆን (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በመጋቢት 1933 ማድሪድ ውስጥ ለመድረክ በቃ። መነሻው በ1928 ከጋዜጣ ያነበበው ወንጀል ነው፤ በደቡብ ስፔን ኒኻር አካባቢ አንዲት ሙሽራ ልትዳር ሰዓታት ሲቀሯት ከዘመዷ ጋር ኮበለለች፣ ሰውየውም መንገድ ላይ ተገደለ። በተውኔቱ ግን ሙሽራዪቱ የምትጠፋው ከጋብቻው በኋላ፣ ድግሱ ገና ሳያበቃ ነው።

ሎርካ ሥዕል ይሥል ነበር፤ የመድረክ መመሪያዎቹም የሠዓሊ ማስታወሻ ይመስላሉ። ለመጀመሪያው ትዕይንት ክፍሉ ቢጫ እንዲቀባ ከማዘዝ በቀር ስለ ወንበሩም ስለ መስኮቱም ያለው ነገር የለም። ባሏንና አንድ ልጇን በስለት ያጣችው የሙሽራው እናት የምትኖረው በዚያ ቢጫ ውስጥ ነው። ሙሽራዪቱን ይዞ የሚጠፋው የሌኦናርዶ ቤት ደግሞ ሮዝ ነው፤ የመዳብ ዕቃና አበባ ሞልቶታል። በዚያ ደስ በሚል ቤት የሚዘፈነው እሹሩሩ ግን ውሃ አልጠጣም ስላለ ፈረስ ነው፤ ሕፃን ቀርቶ አዋቂን ያስፈራል።

ቀለሞቹን እንደ መዝገበ ቃላት ማንበብ ግን ያሳስታል። ሙሽራዪቱ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ የብርቱካን አበባ ዘውድ ደፍታ ትወጣለች። ለእኛ ዓይን ይህ ከል ነው። በዘመኑ የስፔን ገጠር ግን ጥቁር የክት ልብስ ነበር፤ የሠርጉ ታዳሚ ምንም እንግዳ ነገር አላየም። መርዶው የሚገባን መጨረሻ ላይ ነው፤ ጥቁር ካባ ደርባ ትመጣለች፣ አበባው ግን ከራሷ ላይ የለም።

በጫካው ጨረቃ ፊቱ የነጣ ወጣት እንጨት ቆራጭ ሆኖ ይመጣል፤ መድረኩ በሰማያዊ ብርሃን ይሞላል። በርዶት ሙቀት ይፈልጋል፣ ጉንጩ በደም እንዲቀላ ይመኛል። አጋሩ ሞት ናት፤ በስስ ጥቁር አረንጓዴ ጨርቅ የተጀቦነች ባዶ እግሯን የሆነች ለማኝ አሮጊት። ልምላሜን በአረንጓዴ ለሚያስብ አበሻ ይህ ምርጫ ይቆረቁራል፤ በሎርካ ግጥሞች ውስጥም አረንጓዴ ከሞት ጋር ይውላል።

የመጨረሻው ክፍል እንደ ቤተ ክርስቲያን ገዝፎ ይታያል፤ ግድግዳው፣ ደረጃው፣ ወለሉ ሳይቀር ነጭ ነው። ሎርካ ግራጫም ጥላም እንዳይኖር አዝዟል። ዓይን የሚያርፍበት ሌላ ነገር ስለሌለ ቀይዋን ልቃቂት ይከተላል፤ ልጃገረዶቹ እያጠነጠኑ ምን እንደደረሰ ይጠያየቃሉ፣ እናትየው ገና አልመጣችም። ተውኔቱን ለመድረክ የሚያበቃ አዘጋጅ ካለ አደራዬ አንድ ነው፦ ልብስና ወለል ላይ ቀይ ቀለም አይርጭ።