ቀላል ሳጥን፣ ወፍራም ድምፅ፦ ለትንሽ መድረክ የሚሆን የቤዝ ኮምቦ

በአዲስ አበባ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ማታ ማታ የሚጫወት ቤዚስት ጊታሩን በጀርባው አዝሎ፣ አምፕሊፋየሩን በእጁ አንጠልጥሎ ደረጃ ይወጣል። ሥራው ሲያልቅ ያንኑ ደረጃ ይወርዳል። ሳክስፎን ተጫዋቹ ሳጥኑን ቆልፎ፣ መሰንቆ ተጫዋቹ መሰንቆውን በብብቱ ይዞ ከሄዱ በኋላ እሱ ገና ገመድ ይጠቀልላል፣ ታክሲ ይጠራል፣ ዕቃው ኋላ ይግባ አይግባ ከሹፌሩ ጋር ይነጋገራል። ወፍራም ድምፅ የሚያወጣ ሰው ከባድ ዕቃ መሸከሙ ለብዙ ዘመን የማይቀር ዕዳ ነበር። ዛሬ ግን 10 ኪሎ ገደማ የሚመዝኑ የቤዝ ኮምቦዎች በየሱቁ ተደርድረዋል። ሁሉም ቀላል ናቸው፤ ሁሉም ግን ቤዝ አይሸከሙም። ልዩነቱን ለይቶ መግዛት ይቻላል፤ የሚለየውም ሳጥኑ ላይ በትልቁ በተጻፈው የዋት ቁጥር አይደለም።

ኮምቦ የሚባለው ማጉያውና ስፒከሩ በአንድ ሳጥን የተቀመጡበት አምፕሊፋየር ነው። ማጉያው ለብቻ፣ የስፒከሩ ሳጥን ለብቻ የሆነበት አሠራር ለትልቅ መድረክ ይመቻል። ለምግብ ቤት፣ ለልደት፣ ለትንሽ አዳራሽ መርሐ ግብር ግን አንድ እጀታ ያለውን አንድ ሳጥን የሚያህል የለም።

ነገሩን ከባድ የሚያደርገው የድምፁ ጠባይ ነው። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ክር፣ ኢ፣ ሳይጫኑት ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። የዚህ ድምፅ አንድ ሞገድ ከ8 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ከብዙ ምግብ ቤቶች ወርድ ይበልጣል ማለት ነው። ባለ አምስት ክሩ ቤዝ ደግሞ እስከ 31 ኸርዝ ይወርዳል። ይህን ለማሰማት ስፒከሩ ብዙ አየር መግፋት አለበት። በዚያ ላይ የሰው ጆሮ ለዝቅተኛ ድምፅ ደካማ ነው። የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና መንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ዝቅተኛ ድምፅ ከመካከለኛው እኩል ጎልቶ እንዲሰማን እጅግ የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። ጊታሪስቱ በ20 ዋት አዳራሹን ሲሞላ ቤዚስቱ በ100 ዋት የሚታገለው ለዚህ ነው።

ኬኤልኤች የተባለውን የአሜሪካ ስፒከር ኩባንያ ከመሠረቱት ሦስት ሰዎች አንዱ የሆነው ጆሴፍ አንቶን ሆፍማን በስሙ የሚጠራ ሕግ ትቷል። ዝቅተኛ ድምፅ፣ ትንሽ ሳጥን፣ ከጥቂት ኃይል ብዙ ጩኸት፤ ከሦስቱ ሁለቱን ይመርጣሉ፣ ሦስተኛውን ይተዋሉ። ስሌቱ ጥብቅ ነው። ስፒከሩ ጉልበቱ ሳይቀንስ አንድ ኦክታቭ ወርዶ እንዲጫወት ከተፈለገ ሳጥኑ በይዘት 8 እጥፍ ማደግ አለበት። የማንኛውም ኩባንያ ማስታወቂያ ይህን ሕግ አይሽረውም፤ ቀላልና ትንሽ የሆነ ሳጥን የሆነ ቦታ ላይ የሆነ ነገር ሠውቷል።

ታሪኩንም ቢያዩ ይኸው ነው። ሊዮ ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝን እ.ኤ.አ. በ1951 ካወጣ በኋላ ቤዝማን የተባለውን አምፕ በዓመቱ አስከተለ። አምፔግ በ1960 ያወጣው ቢ-15 ባለ 15 ኢንች ስፒከርና ባለ ቱቦ ማጉያ ሲሆን፣ ኃይሉ ከ25 እስከ 30 ዋት ብቻ ነበር። የሞታውን ሙዚቃ ኩባንያ ቤዚስት ጄምስ ጀመርሰን በዲትሮይት ክለቦች የተጫወተው በዚህ ነው። ሰፊ ስፒከር፣ በሥርዓት የተሠራ ሳጥን፣ ጥቂት ዋት። ከዚያ የሮክ ሙዚቃ ስታዲየም ገባ፤ አምፔግም በ1969 ኤስቪቲን ይዞ መጣ። 300 ዋት፣ ስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከር፣ ማጉያው ብቻ ከ35 ኪሎ በላይ። ለአንድ ትውልድ የቤዝ ድምፅ ማለት እሱ ሆነ፤ የወገብ ሕመምም አብሮ መጣ።

ክብደቱን ያቀለሉት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ሲገዙ ስለሚጠቅም ትንሽ ልዘርዝር። የመጀመሪያው የኃይል አቅርቦቱ ነው። የድሮው አምፕ የግድግዳውን መብራት የሚቀበልበት ትራንስፎርመር በሰከንድ 50 ወይም 60 ዑደት ስለሚሠራ ወፍራም የብረት እምብርትና ብዙ መዳብ ያስፈልገዋል። አዲሱ አሠራር መብራቱን መጀመሪያ ወደ ቀጥተኛ ያቀናውና በሰከንድ በአሥር ሺዎችና በመቶ ሺዎች ጊዜ እየቆራረጠ ይልከዋል። ዑደቱ በፈጠነ ቁጥር ትራንስፎርመሩ ያንሳል፤ ቡጢ ያህል የነበረው የብረት ክምር ክብሪት ሣጥን ያህላል። ሁለተኛው ክላስ ዲ የሚባለው ማጉያ ነው። የቀድሞው ትራንዚስተር ግማሽ ክፍት ሆኖ ስለሚሠራ ከሚወስደው ኃይል ብዙውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ሙቀቱን ለማስወጣት ትልቅ አሉሚኒየም ይታሰርበታል። ክላስ ዲ ወይ ሙሉ በሙሉ ይከፍታል ወይ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል፤ ከሚወስደው ኃይል 90 በመቶ ገደማውን ለስፒከሩ ያደርሳል። ሦስተኛው ኒዮዲሚየም ማግኔት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተገኘ ሲሆን፣ ከተለመደው ጥቁር የፌራይት ማግኔት ባነሰ ክብደት ያንኑ ጉልበት ይሰጣል። በርካሹ ኮምቦ ውስጥ አሁንም ፌራይቱን ያገኙታል፤ ድምፁን አያበላሽም፣ ክንድ ግን ያደክማል።

እነዚህ ሦስቱ ያቀለሉት ኤሌክትሮኒክሱንና ማግኔቱን ነው። አየሩንና ሳጥኑን አላቀለሉም። ሻጭ “500 ዋት ነው፣ 13 ኪሎ ብቻ” ሲል ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ድምፁ ግን አሁንም በሆፍማን ሕግ ይዳኛል።

ስለ ዋት እናንሳ። ኃይል በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ የሚያስተውለው ግን የማይደነቅበት ጭማሪ። ድምፁ በእጥፍ ጮኸ እንዲባል 10 ዴሲቤል ገደማ ያስፈልጋል፤ ይህም 10 እጥፍ ዋት ነው። ስለዚህ ከ100 ወደ 200 ዋት መዝለል የሚያስከፍለውን ያህል አያስደምጥም። ከዋቱ ይልቅ የስፒከሩ ትብነት ይመዝናል። በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 100 ዴሲቤል የሚያወጣ ስፒከር በ100 ዋት የሚሠራውን፣ 94 ዴሲቤል የሚያወጣው 400 ዋት ካላገኘ አይሠራውም። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ በማስታወቂያው ላይ አይወጣም፤ ጠይቆ መፈለግ ግን ተገቢ ነው።

ደግሞ የኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያው) ነገር አለ። በኮምቦዎቹ ላይ የሚጻፈው ትልቁ ዋት ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ስፒከር ሲሰካ የሚገኘው ነው። የማርክቤዝ ሲኤምዲ 121ፒ ለብቻው በ8 ኦም 300 ዋት ይሰጣል፤ ሌላ ባለ 8 ኦም ሳጥን ሲጨመርበት ጭነቱ ወደ 4 ኦም ወርዶ 500 ይደርሳል። የፌንደር ራምብል 500ም ለብቻው 350 ነው። ይህ ማታለል አይደለም፤ እንዲያውም ጥሩ ነገር ነው። ለሬስቶራንቱ አንዱን ሳጥን ይዘው ይሄዳሉ፤ ለሰርግ ሲጠሩ ሁለተኛውን ያክላሉ። እኔ ለአንድ ጓደኛዬ ኮምቦ ምረጥልኝ ብባል የኋላውን አይቼ የተጨማሪ ስፒከር መሰኪያ የሌለውን ወደ ጎን አደርገዋለሁ።

የስፒከሩን ስፋት በተመለከተ ባለ 8 ኢንቹ ለልምምድ ነው። ድራም ካለበት ቦታ ባለ 12 ኢንች ወይም ሁለት ባለ 10 ኢንች ያስፈልጋል። ሁለቱ አሥሮች ተደምረው ከአንዱ 12 የሚበልጥ ገጽ ስላላቸው አየር በደንብ ይገፋሉ፤ ሳጥኑ ግን ይሰፋል። ድራም በእጅ ከሚመታ ከበሮ ካልዘለለ፣ ወይም አኮስቲክ ጊታርና ክራር ብቻ ከሆነ፣ አንድ ባለ 10 ኢንችም ያጫውታል።

ሱቅ ሲሄዱ የራስዎን ቤዝ ይዘው ይሂዱ። የድምፅ ማስተካከያዎቹን ሁሉ መሃል ላይ ያቁሙ። መጀመሪያ ኢ ክሩን ሳይጫኑ በለስላሳ ይምቱና ይያዙት፤ ከዚያ በኃይል ይምቱት። ጥሩው አምፕ በኃይል ሲመታ ያንኑ ድምፅ አጉልቶ ያወጣል። ደካማው ስፒከሩ ወደፊት ይዘልና “ጧ” የሚል ደረቅ ድምፅ ይሰጣል፣ ወይም ውስጡ ያለው ገዳቢ ሰርኪት ድምፁን ያፍነዋል። ቀጥሎ ከኢ እስከ ላይኛው ኢ በግማሽ ድምፅ እየወጡ እያንዳንዱን ኖታ በእኩል ጉልበት ይምቱ። ኤፍ ሻርፕ ላይ ድንገት ሳጥኑ ጮኾ ጂ ላይ ከጠፋ፣ ያ ሳጥን በአንዲት ኖታ ብቻ የሚመካ ነው። መድረክ ላይ ያቺ ኖታ በመጣች ቁጥር ዘፋኙ ዞር ብሎ ያያል። ከዚያ ሌላ ሰው እንዲጫወትልዎ አድርገው 5 ሜትር ያህል ይራቁ። ቤዝ አጠገቡ ሆነው ሲሰሙትና አድማጭ ሲሰማው አንድ አይደለም። በመጨረሻ ምንም ሳይመቱ ድምፁን ከፍ አድርገው ዝም ብለው ያዳምጡ። የማቀዝቀዣው ማራገቢያ ይጮኻል? በትዝታ መካከል መሰንቆው ብቻውን ሲቀር ያ ጩኸት ይሰማል።

የአገራችን ሙዚቃ ለዚህ መሣሪያ የራሱን ጥያቄ ያቀርብለታል። በችክችካ ውስጥ ቤዙ ከድራሙ ኪክ ጋር ተሳስሮ በስድስት ስምንተኛው ምት ይሮጣል፤ ኖታዎቹ አጭርና ተከታታይ ናቸው። ጅራታቸውን የሚያስረዝም ሳጥን እዚህ ላይ ይጨማለቃል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ሥራ እስከ ታች የሚወርድ ነገር ግን የሚያጓራ ሳጥን ከመግዛት፣ 60 ኸርዝ አካባቢ የሚያቆም ነገር ግን ጥርት ያለውን እመርጣለሁ። የታችኛው ኢ አይጠፋም፤ ጆሮ ከላይ ያሉትን ድርቦቹን ሰምቶ መሠረቱን ራሱ ይሞላዋል። ከ40 ኸርዝ በታች ያለውን የሚቆርጥ ማጣሪያ ቢኖረው ደግሞ ትንሹ ስፒከር የማይችለውን ለመጫወት በከንቱ አይደክምም። ቤዝ ክራር የሚጫወት ሰው በበኩሉ የመግቢያውን ኢምፒዳንስ ይጠይቅ። ክራሩ ላይ የተለጠፈው ፒክአፕ የፒዬዞ ዓይነት ከሆነ 1 ሜጋኦም ወይም ከዚያ በላይ የሆነ መግቢያ ካላገኘ ድምፁ ይቀጥናል፤ እንዲህ ያለ መግቢያ ከሌለ መካከል ላይ ትንሽ ፕሪአምፕ ይገባል።

ትንሹ ኮምቦ አዳራሹን ብቻውን እንዲሞላ ማስገደድ አያስፈልግም። የኋላው ዲአይ መውጫ በአንድ የማይክ ገመድ ወደ ሚክሰሩ ይሄዳል፤ ሕዝቡ ቤዙን ከሞንታርቦው ይሰማል፣ ኮምቦው ለተጫዋቹና ለድራመሩ መስሚያ ይሆናል። መውጫው ከማስተካከያው በፊትና በኋላ የሚያስመርጥ ማብሪያ ቢኖረው ይበልጣል፤ “በፊት” ላይ ከተደረገ መድረክ ላይ ባሱን ቢጨምሩ የድምፅ ባለሙያው ሥራ አይናጋም። የሚያንዛርር ድምፅ ከመጣ በአምፑ ላይ ያለውን የግራውንድ ማላቀቂያ ይጠቀሙ። የመሰኪያውን የግራውንድ እግር መቁረጥ ግን ሰው ይገድላል።

አሜሪካ ያለ ዘመድ አምፕ ከላከ ከመሰካት በፊት የኋላውን ጽሑፍ ያንብቡ። እዚያ መብራቱ 120 ቮልት፣ እዚህ 220 ነው። አዲሱ የኃይል አሠራር ስላለው ብቻ ሁሉንም ቮልቴጅ ይቀበላል ማለት አይደለም፤ “100–240” ተብሎ ተጽፎ ማየት ይገባል። ካልሆነ ማውረጃ ትራንስፎርመር መግዛት ግድ ነው፤ እሱ ደግሞ የብረት ክምር ስለሆነ፣ በ10 ኪሎ አምፕ የተረፈውን ክብደት በሌላ ቦርሳ መልሰው ይሸከሙታል። እንዲህ ከሚሆን ዱባይ ወይም አውሮፓ ካለ ሰው ማስመጣት ይሻላል።

የቀላሉ አምፕ እውነተኛ ድክመት ጥገናው ነው። የድሮውን ትራንዚስተር አምፕ ጎበዝ የራዲዮ ጠጋኝ ከፍቶ፣ የተቃጠለውን ለይቶ ይተካል። የአዲሱ ክላስ ዲ ሰሌዳ ግን ጥቃቅን ዕቃዎቹ ተጠጋግተው የተበየዱበት ስለሆነ፣ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ሰሌዳው በሙሉ ይለወጣል፤ መለዋወጫውም ከአገር ውጭ ነው። ስለዚህ መብራት ሲመለስ ቶሎ እንዳይሰኩት፤ ሄድ መለስ በሚልበት ቦታ ስታብላይዘር ይዘው ይሂዱ። ያገለገለ ሲገዙ ለግማሽ ሰዓት ያህል ሳያጠፉ ይጫወቱበት፤ የላላ ብየዳ የሚታወቀው ሲሞቅ ነው። ሳጥኑንም አንኳኩተው ይዩት። ኮምፔንሳቶ ከሆነ ቀላልና ጠንካራ ነው። ቺፑድ ከሆነ ማዕዘኖቹን ይመርምሩ፤ አንዴ ውሃ የነካው ቺፑድ ያብጣል፣ ብሎን አይዝም፣ ስፒከሩም በተመታ ቁጥር ይንቀጠቀጣል።