መጀመሪያ ፓነሉ፣ ከዚያ ወረቀቱ

አር በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተሠሩ ሁለት ግራፎች በእኩል ስፋትና ቁመት ተቀምጠው ጎን ለጎን ሲደረጉ፣ የአንደኛው መስክ ጠቦ ይገኛል። ፋይሎቹ እኩል ናቸው፤ እኩል ያልሆነው ፓነሉ፣ ማለትም ነጥቦቹና መስመሮቹ የሚያርፉበት አራት ማዕዘን ነው።

ጉዳዩ ያለው ግራፎቹ የተሠሩበት ጂጂፕሎት2 ቦታ በሚያከፋፍልበት መንገድ ላይ ነው። ሃድሊ ዊክሃም በ2007 ያወጣው ይህ ፓኬጅ የቆመው የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲው ፖል መረል በሠራው «ግሪድ» ላይ ነው። ግሪድ ከሴንቲሜትርና ከኢንች ሌላ «ነል» የሚባል መለኪያ አለው፦ የተረፈውን ቦታ የሚወስድ። ርዕሱ፣ የዘንጉ ጽሑፍና የቀለም መግለጫው የሚበቃቸውን ያነሣሉ፤ ፓነሉ እንግዶቹ ከተነሡ በኋላ እንደሚቀርብ ባለቤት ነው። የቀለም መግለጫው ላይ «አፋር» ብቻ ሲጻፍ ይሰፋል፣ «ቤኒሻንጉል ጉሙዝ» ሲመጣ ይጠብባል።

ነገሩ የመልክ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ፓነሉ ሲጠብ ግን ያው የዋጋ መስመር ይበልጥ ሽቅብ የወጣ ይመስላል። አንባቢ የክልል ስም ርዝመትን የዋጋ ንረት አድርጎ ሊያነበው ነው!

ስለዚህ የፓነሉን ልክ አስቀድሞ መቁረጥ ይሻላል። በ2025 የወጣው የጂጂፕሎት2 4.0.0 ዕትም «ቲም» በተባለው ትዕዛዝ ውስጥ የፓነሉን ስፋትና ቁመት፣ ለምሳሌ 8 በ6 ሴንቲሜትር ብሎ ማጽናት ያስችላል። ለቀደሙት ዕትሞች «ኤግ» የተባለው ፓኬጅ አለ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ ሥራው ግን ገና ግማሽ ነው። ፓነሉ ቢጸናም ወረቀቱ ካነሰ ዳሩ ይቆረጣል፣ ከበለጠ ነጭ ኅዳግ ይተርፋል። ግራፉን በፋይል የሚያስቀምጠው «ጂጂሴቭ» ደግሞ ልክ ካልተነገረው የተከፈተውን የሥዕል መስኮት መጠን ይወስዳል እንጂ ስለ ፓነሉ አያስብም። ግራፉን ወደ ግሪድ ሠንጠረዥ ለውጦ የዓምዶቹን ስፋትና የረድፎቹን ቁመት መደመር፣ ድምሩንም ለጂጂሴቭ መስጠት ያስፈልጋል።

በአማርኛ ለሚጽፍ አንድ ጥንቃቄ ይጨመራል። የፊደሉ ስፋት የሚለካው በዚያ ሰዓት በተከፈተው የሥዕል ማውጫ መሣሪያ ነው፤ የአር መደበኛ ፒዲኤፍ ደግሞ የግዕዝ ፊደል አያወጣም። «ካይሮ» የተባለውን መሣሪያ ከፍቶ እዚያው ለክቶ እዚያው ማስቀመጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥዕሉን ዎርድ ውስጥ ጥጉን ይዞ መጎተት ልፋቱን ሁሉ ያፈርሳል። በግማሽ ከተቀነሰ 11 ነጥብ የነበረው የዘንግ ርዕስ 5.5 ይሆናል፣ 8 ሴንቲሜትር ተብሎ የጸናውም ፓነል 4።