የሰው ቃል ስንጠቅስ ስሕተቱን እናርመው ወይስ እንተወው?

ከመካከላችን በትርፍ ጊዜው የጽሕፈት ሥራ የሚሠራ ጥቂት አይደለም። ለአንድ ማኅበር «መተዳደሪያ ደንባችሁን እናርቅላችሁ» ብለን የሥራ ሐሳብ፣ በተለምዶ ፕሮፖዛል የሚባለውን፣ ስናቀርብ ጉዳዩን መረዳታችንን ለማሳየት የማኅበሩን ደብዳቤ እንጠቅሳለን። ታዲያ ደብዳቤው የሰዋስው ግድፈት ቢኖርበትስ? እንዳለ ብንተወው የእኛ ስሕተት ይመስላል፤ ብናርመው ደግሞ ያልተባለውን ተባለ ማለት ይሆንብናል።

አስቀድሞ ግድፈት የሆነውን ካልሆነው መለየት ይገባል። «ሀገር» እና «አገር» ሁለቱም የሚሠራባቸው ናቸው። በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ደግሞ የሌባ ሥራ ነው፤ በዛሬው አማርኛ ግን ጸሐፊው ሞክሼ ፊደላትን ቢያቀያይር ትርጉሙ ከዐረፍተ ነገሩ ይታወቃል። እንዲህ ያለውን መለወጥ የራስን ምርጫ በሰው ላይ መጫን ነው።

ግድፈቱ ትርጉም የማይለውጥ ሲሆን፣ ለምሳሌ «ብዙ ችግሮች አለብን» ቢል፣ ትእምርተ ጥቅሱን ትተን «ማኅበሩ ብዙ ችግሮች እንዳሉበት ገልጿል» ብንል ይበቃል። ቃሉ ራሱ የግድ ካስፈለገ ግን ያረምነውን በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ እናግባ፤ አንባቢው የማኅበሩን ከእኛ ይለያል።

የውጭ አገር ጸሐፊዎች ከስሕተቱ አጠገብ «ሲክ» የሚል የላቲን ቃል ያኖራሉ፤ «እንዲህ» ማለት ነው። ይህ ለታሪክ ምርምርና ለፍርድ ቤት ክርክር ይጠቅማል። በሥራ ሐሳብ ውስጥ ግን አንባቢው ራሱ ባለደብዳቤው ነውና እንደ ዘለፋ ይቈጠራል። ሥራ ፈላጊ አሠሪውን በሰዋስው አይገሥጽም።

ከሁሉ የሚከብደው ትርጉሙን የሚያናጋው ነው። ደብዳቤው «ማኅበሩ ኮሚቴው ይቈጣጠራል» ይላል እንበል። የጐደለችው አንዲት «ን» ብቻ ናት። «ማኅበሩ ኮሚቴውን» ከሆነ የበላዮቹ አባላቱ ናቸው፤ «ማኅበሩን ኮሚቴው» ከሆነ ግን ሥልጣኑም የገንዘቡ ቍጥጥርም በጥቂቶች እጅ ነው። እዚህ ላይ እርማት የምንለው ግምት ነው። በግምት ደንብ ካረቀቅን የአባላቱን መብት በአንዲት ፊደል ልንነጥቅ እንችላለን። መድኃኒቱ ባለጉዳዩን መጠየቅ ነው፤ መልሱንም በጽሑፍ መቀበል።

እንግዲህ ጓደኞቻችን፣ የሰውን ቃል መጥቀስ አደራ መቀበል ነው። የተማረ ሰው ብዕሩን ሲያነሣ አስቀድሞ ሊያስብ የሚገባው ስለዚህ አደራ ነው እንላለን።