ወፏን በምንቃሯ

አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ ግቢ ያለው ሰው ወፍ ለማየት ሩቅ መሄድ የለበትም። የሚቸግረው መለየቱ ነው። ጀማሪ ሁሉ ቀለም ላይ ያፈጣል፤ ቀለም ግን በጥላና በፀሐይ፣ በወንድና በሴት፣ በክረምትና በበጋ ይለዋወጣል። ምንቃሯን ማየት ይሻላል። ምን እንደምትበላ ከዚያ ይታወቃል፤ ምግቧን ያወቀ ደግሞ ምን ቢተክል እንደምትመጣለት አያጣውም።

ቀጭንና ወደ ታች የቆለመመ ምንቃር ያላት የአበባ ማር ቀሳሚ ናት። ከእነዚህ አንዷ፣ የደጋውን ግቢ የምታዘወትረው፣ በተከዜ ወንዝ ስም የምትጠራ ናት፤ ሳይንሳዊ ስሟ የወጣላት በ1814 እ.ኤ.አ. ነው። ወንዱ ጥላ ውስጥ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ሐምራዊና መዳብማ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ ከጅራቱ መሃል ሁለት ረጃጅም ላባዎች ይወጣሉ። ሴቷ ደብዛዛ ናት፤ ለብቻዋ ያያት ሰው የዚያ ወንድ ዘር ናት ብሎ አይጠረጥርም። እነሱን ለመሳብ ስኳር መበጥበጥ አያሻም። አጥሩ ሥር እሬትና ራስ ክምር ይተከል፤ ይበቃል።

አጭርና ወፍራም ምንቃር የዘር በሊታ ነው። ድንቢጥን ሁሉም ያውቃታል። ከእሷ አነስ ያለች፣ ከዓይኗ በላይ ነጭ ቅንድብ የመሰለ መስመር ያላት ቡናማ ወፍ ብትመጣ ግን ልብ ይሏል፦ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አትገኝም። ባሕር ማዶ ያሉ ወፍ ወዳዶች አውሮፕላን ተሳፍረው ይመጡላታል፤ እኛ ቀና ብለንም አናያት። ጤፍ በዛሬ ዋጋ ለወፍ አይበተንም፤ የደረቀ ሱፍ ሳይነቀል ቢቆይላት ራሷ ትለቅመዋለች። የእንጀራ ፍርፋሪ አይጥ ይጠራል።

ረጅምና ቆልማማ ምንቃሩን ሣሩ ውስጥ እየሰካ ትል የሚያወጣው፣ ሲነሳ ሰፈሩን በጩኸት የሚያናውጠው ትልቅ ወፍ ጋጋኖ ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሌላ አገር የለውም። መርዝ በተረጨ መስክ የሚፈልገውን አያገኝም። መርዙ የሚጎዳው እሱን ብቻ አይደለም፤ ዘር በሊታዋ ድንቢጥ እንኳ ጫጩቶቿን የምታሳድገው በነፍሳት ነው።

በበጋ ከምግብ ይልቅ ውኃ ይጠራቸዋል። ጥልቀት የሌለው ሳሕን፣ መሃሉ ላይ መቆሚያ ድንጋይ፣ ድመት ከምታደባበት ቁጥቋጦ ራቅ ብሎ። ውኃው በየቀኑ ካልተለወጠ ግን የትንኝ መፈልፈያ ይሆናል።

የመስቀል ወፍስ? ስሙን ለአንድ ዓይነት ብቻ መስጠት ያስቸግራል፤ በክረምቱ ለመራቢያ ደምቀው የሚታዩ ወንዶች ብዙ ናቸው። አንዱ ከሰውነቱ የሚረዝም ጥቁር ጅራት የሚያበቅለው ትንሽ ወፍ ነው። በዓመት አንዴ ብቅ ይላል የሚባለው፣ ወቅቱ ሲያልፍ ጅራቱን ጥሎ ቡናማ ስለሚለብስና ከድንቢጥ ጋር ስለሚምታታ ነው። ያኔም ቢሆን ምንቃሩ እንደቀላ ይቆያል።